ትልቁ ሞተርና የእኔ ቦታ

የበኩር ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቀናተኛ ነው። ታናሹን ስወልድ አራት ዓመቱ ነበር። ሕፃኑን ታቅፌ ስቀመጥ ይመጣና ጉልበቴ ላይ የተረፈችውን ጠባብ ቦታ በክርኑ ይይዛል። አይመታውም፣ አይቆነጥጠውም። ቦታ ብቻ ይይዛል። ዛሬ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶት ጢሙ ሸብቷል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው።

ብሎኬት የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። ሰፈሩ «ባልቴቷ» ይላታል። በየወሩ ዳገቱ ጫፍ ላይ ወዳለው የዓይን ሐኪም የሚያደርሰኝ በእሷ ነበር። ጋቢናው ውስጥ የእኔ ቦታ የታወቀ ነው። ትራስ አለው፤ ከመስኮቱ በላይ የምይዛትን ገመድም እሱ ራሱ ነው ያሰረልኝ። ሚስቱ እንኳ ልትቀመጥ ስትል «መጀመሪያ የእማዬን ትራስ አንሺ» ይላታል።

አንድ ቀን ዳገቱ መሃል ላይ ባልቴቷ አቃሰተች፣ ጨሰች፣ ቆመች። ታናሹ ልጄ በቅርቡ በገዛት ፒክአፕ ከኋላችን ደረሰ። ወርዶ ክንዴን ያዘኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ውሃ ሙላላት፤ እማዬን እኔ አደርሳታለሁ።»

ክፋት አልነበረውም። ዞር ብዬ ሳይ ግን ትልቁ ትራሴን በብብቱ ሸጉጦ መንገድ ዳር ቆሟል።

ከዚያ በኋላ የሐኪም ቀኔ የታናሹ ሆነ። ትልቁ ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ አጠገቤ ቁጭ ይልና ይመረምረኛል።

«ዳገቱ ላይ የመኪናው ድምፅ ተለወጠ?»

«አልተለወጠም።»

«ምንም? ትንሽ እንኳ አላቃሰተም?»

«ልጄ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። የታመመው ዓይኔ ነው።»

የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ ወጣ። ብዋሽለት ኖሮ ምን ነበረበት እያልኩ ስቆጭ አመሸሁ።

በሳምንቱ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ሞተር ይዞ መጣ። መካኒኩ ጎረቤታችን ዙሪያውን ዞሮ አየውና «ለክተኸዋል?» አለው።

«በስንዝሬ ለክቼዋለሁ። ልክክ ይላል።»

«ካምቢዮው ሲገጠምበትስ?»

ልጄ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ጀርባ አየ። የለካው ሞተሩን ብቻ ነበር። ከኋላው የሚገጠመውን የማርሽ ቤት ረስቶታል። ልብስ ሲገዛ እጅጌውን እንደማይለካ ሰው ነው፤ ልቡ የቸኮለ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

መካኒኩ ፍሬኑም አብሮ ካልተለወጠ እጄን አላስገባም ብሎ አስቸገረ፤ ልጄም እሺ አለው። ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወረደ፣ አልገባም ብሎ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ታናሹ አጥር ላይ ተደግፎ ያያል።

«ወንድም ጋሼ፣ ሞተሩን ከጫንክባት በኋላ ብሎኬቱን የት ልትጭን ነው?»

«አንተ ሥራ የለህም?»

በመጨረሻ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ላሜራ ቆረጡት። በሾፌሩ በኩል መሪው ስላለ ማሽኑን ወደ ሌላኛው ወገን ገፉት። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሞተሩ ሲነሣ የቤታችን ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ልጄ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ፊቱ በርቶ መጣ።

«እማዬ ነይ፣ ዳገቱን ላሳይሽ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። በሩን ከፈተልኝ። ገመዷ አለች፤ ትራሱም ታጥቦ ተቀምጧል። እግሬን የማኖርበት ቦታ ላይ ግን ሞተሩ በላሜራ ተሸፍኖ ጉብ ብሏል። ሁለታችንም ቆመን አየነው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሐሳቡ ከኮፈኑ በኩል ነበርና እግሬ የት እንደሚያርፍ ያሰበው ገና ያን ጊዜ ነው።

«እግርሽን አጠፍ ብታደርጊው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ጉልበቴ መታጠፍ ካቆመ ስንት ዓመቱ፣ የኔ ጌታ።»

በሩን መልሶ ዘጋው፤ ድምፅ እንኳ እንዳይሰማ አድርጎ።

የሐኪም ቀኔ ደረሰና ከታናሹ ጋር ወጣሁ። ዳገቱን ስንጀምር ከኋላችን ጩኸት መጣ፤ ባልቴቷ ሽው ብላ አለፈችን። ታናሹ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሱም ወንድሙ ነውና ዓይኑ አብሯት ዳገቱን ወጣ።

ጫፉ ላይ ትልቁ ቆሞ ጠበቀን። በሩን ከፍቶ ክንዴን ያዘና ለወንድሙ እጁን ዘረጋ።

«ቁልፍህን።»

«ምን?»

«መልሱን እኔ ነኝ የምወስዳት። አንተ የኔን ንዳ። ስትለምነኝ አልነበር?»

«መቼ ለመንኩህ?»

«በዓይንህ።»

ታናሹ ቁልፉን ከመወርወሩ በፊት ወደ ባልቴቷ መራመድ ጀምሮ ነበር።

ከሐኪም ስወጣ ትራሴ ወደ አዲሷ መኪና ተዛውሮ ጠበቀኝ። ትልቁ መሪውን ይዞ በዝግታ ያወርደኝ ጀመር። ደስ ብሎታል፤ ስለ ዓይኔ ጠየቀኝ፣ ስለ ጠብታውም ጠየቀኝ። ከዳገቱ ሥር ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ ታናሹ ጥሩምባ እየነፋ፣ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ በአጠገባችን በረረ።

ልጄ ወሬውን አቋረጠ።

«አየሽ እንዴት እንደሚነዳት? አሥራ ሁለት ቀን የለፋሁባትን…»

ነዳጅ መስጫው ላይ እግሩ ጫን ሲል ተሰማኝ። እጄን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩ።

«ተወው። እኔ እዚህ ነኝ» አልኩት።

እግሩን አነሣ። ዓይኑ ግን ባልቴቷ ከመንገዱ እጥፋት እስክትሰወር አልተመለሰም።