የሚታየኝ መሄዱ ነው

የያዙኝ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርሁ። ዘመኑ የቀይ ሽብር ስለነበር ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መሐል አድርገው በሐይቁ ዳር ወሰዱኝና ከአንድ ነጋዴ ተወርሶ ቀበሌው እስር ቤት ካደረገው የእህል መጋዘን አስገቡኝ። ሰፊው ክፍል የወንዶች፣ ጠባቡ የሴቶች ነው። የእኛው አሮጌ የእህል ብናኝ ይሸታል። መስኮቱን በሳንቃ መትተውታል፤ አንዱ ሳንቃ ተገንጥሎ ስለወደቀ ግን በዚያ በኩል ጣና ይታያል።

አንዲት አሮጊት ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ጭንቅላታቸውን በነጠላ ጥምጥም አድርገው አስረውታል። ስገባ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«ማነሽ?»

ከፊታቸው ቆሜአለሁ። ስሜን ነገርኋቸው።

«አልታየሽኝም እኮ። ዓይኔ ጠፋ» አሉ፣ ስለ ጠፋ ዕቃ እንደሚናገር ሰው።

ጠላ እየሸጡ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል እያከራዩ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ተከራያቸው ከወሎ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እሱን ሊይዙ የመጡት ሰዎች ሲያጡት፣ አንደኛው በጠመንጃው ሰደፍ የእሳቸውን ጭንቅላት ከኋላ መታቸው። ሲነቁ ጨለማ ነው። ተከራዩ ቆይቶ በአፈሳ ተይዟል፤ ስሙን ግን ለውጧል። መርማሪው ከታፈሱት አንዱ እሱ እንደሆነ ጠርጥሯል፤ መልኩን የሚያውቁ ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ የእሳቸው ማየትና አለማየት የአንድ ሰው ሕይወት ነበር።

በማግሥቱ ወደ መስኮቱ አቀረብኋቸውና ዓይናቸውን በመዳፌ ጋርጄ ገለጥሁት። ብሌናቸው እንደማንኛውም ጤነኛ ብሌን ጠበበ። ገረመኝ። ቀጥሎ ድምፅ ሳላሰማ የውኃ ጣሳ ዘረጋሁላቸው። እጃቸው ትንሽ አመነታና ጣሳውን ያዘው።

«እማማ፣ ታየዎት እንዴ?»

«ምኑ?»

«ጣሳው።»

«ኧረ ምንም! እጄ ዝም ብሎ ሄደ እንጂ።»

መርማሪው ያስጠራን ከዚያ በኋላ ነው። እጃቸውን ይዤ የምመራቸው እኔ ስለነበርሁ አብሬ ቀረብሁ። ከወንበሩ ተነሥቶ መዳፉን በድንገት ወደ ፊታቸው ወረወረ። ጨፈኑ፤ ራሳቸውንም ወደ ኋላ አሸሹ።

«ይኸው! ታያለች!» አለ። ዱላውን አነሣ።

«ቢመቷቸውም አያዩም» አልሁ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ሐኪም ነሽ?»

«አስተማሪ ነኝ። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ግን ዓይን ብቻውን አያይም። የተቀበለውን ወደ አንጎል ይልካል። የሚያየው የአንጎል ክፍል ደግሞ እዚህ ነው።» እጄን ከራሴ ኋላ፣ ከማጅራቴ ከፍ አድርጌ አኖርሁ። «እሳቸውን የመቷቸው እዚህ ላይ ነው።»

«ታዲያ ምን አይታ ሸሸች?»

«ከዓይን የሚነሣው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከፊሉ ሰውየው ምንም ሳያውቅ ሰውነቱን ያነቃንቃል። እርስዎስ ዝንብ ሲመጣብዎ አስበው ነው የሚጨፍኑት?»

ግማሹን ተምሬዋለሁ፤ ግማሹን ከጣሳው ተነሥቼ ገምቼ ነው። መርማሪው ዱላውን ቀስ ብሎ አወረደና «ሲሻላት ትጠቁማለች። ማየት ስትጀምር ካልነገርሽኝ ግን አንችንም አያድርገኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠባቂው ጧት ጧት በሩን ሲከፍት ጥያቄው አንድ ነው፦ «አየች?» መልሴም አንድ ነበር፦ «አላዩም።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመስኮቱ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ድንገት ክንዴን ያዙኝ።

«አንች ልጅ! የሆነ ነገር ይሄዳል።»

አሻግሬ አየሁ። አንድ ሰው እንጨት ጭኖ ታንኳውን እየቀዘፈ ወደ ከተማው ይመጣል።

«ታንኳ ነው፣ እማማ! ታንኳ ታየዎት!»

«ኧረ ታንኳ አይታየኝም። የሚታየኝ መሄዱ ነው።»

ባለ ታንኳው መቅዘፉን ተወና ዐረፈ። «አሁን ጠፋ» አሉ። እንደገና ሲነሣ «ይኸው መጣ» ብለው በጣታቸው ተከተሉት። ሴቶቹ ሁሉ ከበቡን። አንዷ ነጠላዋን አውልቃ ከፊታቸው አወዛወዘች፤ ወደ ነጠላው አመለከቱ። ያዝ ስታደርገው አጡት። እንደ ልጅ ጨዋታ ደጋገምነው፤ አፋችንን በእጃችን ይዘን ሳቅን። እዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከሳቁ በኋላ ሁላችንም ወደየቦታችን ተመለስን። ማንም ለማንም አትናገሪ አላለችም።

ጠባቂው በማግሥቱ «አየች?» ሲል «አላዩም» አልሁ። አሁን የምዋሸው እያወቅሁ ነው።

ቀስ በቀስ ብርሃንና ጥላ መጣላቸው፤ ከዚያም የሰው ቅርጽ። ቀለም ገና ነበር። መርማሪው ግን መጠበቅ ሰለቸውና ወደ ግቢው አስወጣን። ወንዶቹን ግንቡን አስደግፎ በረድፍ አቁሟቸዋል። እማማን ክንዴን እንደያዙ በወንዶቹ ፊት አሳለፍኋቸው። መሐል ላይ ስንደርስ ጣቶቻቸው ክንዴን ጠበቅ አደረጉት፤ ወዲያው ላላ አሉ። እርምጃቸው ግን አልተዛነፈም።

«የቱ ነው?» አለ መርማሪው።

«በምኔ አይቼ፣ ልጄ?»

እጁን ወደ ዓይናቸው ወረወረ። ጨፈኑ። ወደ እኔ አየ፤ እኔም አየሁት። የዝንቡን ነገር ራሴ ነግሬዋለሁና መጨፈናቸው ማስረጃ አልሆነውም። ታሳሪዎቹን አንድ በአንድ አናገራቸው።

«ድምፁንስ አታውቂም?»

«የተራበ ሰው ድምፅ ሁሉ አንድ ነው» አሉት።

«ውሰጃት!» አለኝ።

ስንመለስ ግን ቆሙ። ፊታቸውን ወንዶቹ ወዳሉበት ሳይሆን ማንም ወደሌለበት ወደ ባዶው ማዕዘን አዞሩና ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«የት እንደቆማችሁ አላየሁም፤ እግዚአብሔር ሁላችሁንም ለቤታችሁ ያብቃችሁ።»

ከረድፉ ውስጥ ብዙ ድምፆች «አሜን» አሉ። መርማሪው ዝም በሉ ብሎ ጮኸ፤ አሜኑ ግን ተብሎ አልቋል።

እሳቸውን አሮጊት ናቸው ብለው ፈቷቸው። እኔም ከርሜ ወጣሁ። ሰውየውም በለወጠው ስሙ ከሌሎች ታፋሾች ጋር ተለቀቀ። ከዓመታት በኋላ ሊጠይቃቸው ልጆቹን ይዞ ሲመጣ አጋጥሞኛል። ሲሄድ ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ያን ቀን በእርግጥ ለይተውት ነበር?»

«ፊቱንስ አልለየሁትም። ሁሉም ግራጫ ግራጫ ናቸው። እሱ ግን ሲቆም አንድ እግሩን ያሳርፍና ሌላውን ይረግጣል፣ ያንን ያሳርፍና ይኸን። ከቤቴም እንዲያ ነበር የሚቆመው። በመነቃነቁ አወቅሁት።»

አሁን በሕይወት የሉም። ለመርማሪው የነገርሁት ከእውነቱ እምብዛም እንዳልራቀ ብዙ ቆይቼ ከሕክምና መጽሐፍ ላይ አነበብሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያንኑ ትምህርት ሳስተምር ኖርሁ፤ ብርሃኑ በብሌን ይገባል፣ በነርቭ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንጎል ተቀብሎ መልክ ይሰጠዋል። እስከዚያ ያለውን በሰሌዳው ላይ እሥለዋለሁ። ሰው ያየውን ካየ በኋላ ምን እንደሚያደርገው ግን ሥዕል የለኝም። እዚያ ላይ ስደርስ ጠመኔውን አስቀምጬ ስለ እሳቸው ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር።