ኮሶዬ ላይ አየር ጠባቂ ነበርኩ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከተሰጡኝ ሥራዎች ትልቁ አየር መጠበቅ ነበር። እሱንም አበላሸሁት።

ልጄ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ለይቶ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ላይ ነው። እሷ ሜምብሬን ትለዋለች፤ ለኔ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ትንሽ ፓምፕ አየሩን ይገፋበታል፤ ካርቦኑ ከሌላው ቀድሞ ሾልኮ ያልፋል፤ መለኪያው ያለፈውን ያነባል። አራዳ ሰፈራችን የባጃጅ ጭስ ቢያስቸግራት ንጹሕ አየር ፍለጋ ከከተማው ርቀን ደጋው ኮሶዬ ወጣን። መለኪያው የውሰት ነው፤ በማግስቱ ይመለሳል። ያን ቀን ትክክለኛ ቁጥር ካላገኘች ምረቃዋ ለከርሞ ነው።

መሣሪያውን ከአንድ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ተከለችው። «አባዬ፣ እኔ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ቁጥሩን በላፕቶፕ እከታተላለሁ። አንተ ከብት እንዳይጠጋው ራቅ ብለህ ጠብቅልኝ» አለችኝ። ራቅ ብለህ! የኔ ጉልበት መቀመጫ ድንጋይ ካየ አያልፍም፤ ድንጋዩ ደግሞ መሣሪያው አጠገብ ነበር።

ከብት አልመጣም። የመጣው አንድ ገበሬ ነው።

«አያ፣ ምነው ብቻዎን?»

ሽማግሌን ብቻውን ጥሎ ማለፍ በኛ አገር ነውር ነውና አጠገቤ ተቀመጠ። ቀጥሎ የመጣው መንገደኛ ተሰብስበን ሲያየን ለቅሶ መስሎት ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ። ሌሎችም ተከተሉ። እኔ ደግሞ ሰሚ ካገኘሁ አፌ አይዘጋም፤ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ታሪክ ጀመርኩ።

ልጄ እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ! ሽፋኑ...» አለችና ክባችንን ስታይ ቆመች። ፊቷ ጠቆረ።

«የምትተነፍሱት እኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው! የለካሁት እናንተን ነው።»

«አባትሽን በይ» አለ ገበሬው። «እኛማ አፋችንን የከፈትነው ለሰላምታ ነው።»

ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሂዱ ብላቸው ብቻዬን ጥለውኝ እንደማይሄዱ አውቃለሁ። ስለዚህ ራሴ ተነሣሁና «ሻይ እንጠጣ» አልኩ፤ ንብ አውራውን እንደሚከተል ተግተልትለው ተከተሉኝ። ለሳይንስ ያበረከትኩት ትልቁ ነገር ከቦታው መነሣቴ ነው።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ።

«ሸጋ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ትንሽ ናት፤ ግን የትንፋሻችሁ ሳትሆን የሽፋኑ ናት» አለች፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል። «ትንሽ ይቆይ ብቻ። ማንም እንዳይጠጋው።»

ገበሬው በመስኮት ወደ ሜዳው አየ፤ አንጀቱ አልቻለም መሰለኝ።

«አያ፣ ያ ዕቃ ብቻውን ቀረ እኮ። ሄጄ ላጫውተው?»

ጋቢውን ጨምድጄ ያዝኩት።