የእትዬ ዘውዴ ምላጭ

ሸር፣ ሸር የሚል ድምፅ ነው ያስቆመኝ። ደባርቅ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ጫማ ሰፊ ቢላውን በቆዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። ከዳባት የተነሣሁት እትዬ ዘውዴ ማረፋቸውን ሰምቼ ነበር። በነዚህ ዓመታት ከለቅሶ በቀር ወደ ደባርቅ የሚያመጣኝ ነገር አጥቻለሁ፤ ነጠላዬን ማዘቅዘቅ እንኳ ሰልችቶኛል። ሰውየው ቀና ብሎ "ጫማ ነው፣ እናቴ?" አለኝ። አይደለም አልኩት፤ ግን እግሬ ቶሎ አልተነሣም።

እትዬ ዘውዴ የልጅነት ጎረቤታችን ነበሩ። ፀጉር አስተካካይ የነበሩት ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው አንድ ታጣፊ ምላጭና በበሩ መቃን ላይ የተቸነከረ ሰፊ ቆዳ ነው። ቆዳው በሞራ እየታሸ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ቤታቸው ሞራና የልብስ ሳሙና ይሸታል። በዚያን ጊዜ ሐዘን የደረሰባት ሴት ፀጉሯን ትላጭ ነበር። የሰፈራችንን ሐዘንተኛ የሚላጩት እሳቸው ስለነበሩ፣ የቆዳው ድምፅ ሲሰማ ሴቶቹ "ደግሞ የማን ቤት ይሆን?" እየተባባሉ ከየደጃቸው ብቅ ይሉ ነበር።

ሲስሉ ማየት እወድ ነበር። የምላጩን ጀርባ ያስቀድማሉ፣ ስለቱ ከኋላ እየተጎተተ ይከተላል። ጫፍ ሲደርሱ በጀርባው ገልብጠው ይመልሱታል። ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ስለቱም ታጥፎ ይደነዝዛል፤ ይህን ሳይስቱ ነው ያረጁት። ሐዘንተኛዋን ሲላጩ ፊቷን አያዩም። ሲጨርሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ይጥሉና "ደከመኝ" ይላሉ፤ ለማንም አይደለም የሚሉት።

ድካሙ ከየት እንደመጣ ሰፈሩ ያውቃል። ልጃቸው አራስ ሳለች ባሏ ሞተባት። ሰው ምን ይላል ብለው በገዛ እጃቸው ላጯት። የደባርቅ ብርድ መታትና ክረምቱን ሳትጨርስ ተከተለችው። ከዚያም በኋላ መላጨቱን አልተዉም፤ እንቢ ቢሉ ሐዘንተኛዋ ለደነዘዘ ምላጭ ትዳረጋለች ብለው።

የኛም ተራ ደረሰ። አባቴ በቅሎ ነጂ ነበር፤ የቱሪስት ጓዝ ተራራው ላይ ሳንቃ በር ከሚባለው ሰፈር አድርሶ ሲመለስ ከነበቅሎው ገደል ገባ። እናቴ ታናሽ እህቴን ወልዳ ገና ክርስትና እንኳ አላስነሣችም። በሣልስቱ ማለዳ ከጃናሞራ የመጣችው የአባቴ እህት እናቴን ክንዷን ይዛ እትዬ ዘውዴ ቤት አስገባቻት። እኔም የእናቴን ቀሚስ ይዤ ገባሁ።

"አራስ ናት እኮ፣ ልጄ" አሉ እትዬ ዘውዴ።

"ብትሆንስ? ወንድሜ እንደ ውሻ ተጥሎ ሊቀር ነው? ዘመድ ሁሉ ዛሬ ይመጣል። ሹሩባዋን ተሠርታ ልትቀበለው ነው? ይላጩልኝ እንጂ!"

እናቴ ሕፃኗን እያጠባች መሬት መሬቱን ታያለች። ሹሩባዋ ወገቧ ድረስ ይወርድ ነበር። እትዬ ዘውዴ ምላጩን ዘርግተው ቆዳው ፊት ቆሙ። ይስላሉ፤ አሁንም ይስላሉ። እኔ በሆዴ አይጨርሱ እያልኩ እለምናለሁ።

"ኧረ በቃ፣ እትዬ ዘውዴ! ለቀስተኛው ሊገባ ነው" አለች አክስቴ።

ያን ጊዜ እጃቸው ቆም አለ። ከዚያ ምላጩን አዞሩና ስለቱን አስቀድመው፣ ተጭነው፣ እስከ ቆዳው ጫፍ ገፉት። ቆዳው ለሁለት ተሰነጠቀ። ምላጩን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት።

"ወየው ጉድ፣ አበላሸሁት። እጄ አርጅቷል" አሉ።

አክስቴ ጮኸች፣ ተራገመች። በመቀስ መቁረጥ እንደ ሐዘን አይቆጠርም። ሌላ ምላጭ ፍለጋ ዳባት ተልኮ እስኪመጣ ለቀስተኛው ገባ፤ እናቴም ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ ጠቅልላ ተቀመጠች። ቀኑ ካለፈ በኋላ ማንም አላነሣባትም።

የእትዬ ዘውዴ ስም ግን ጃናሞራ ድረስ ጠፋ። "አረጁ፣ ምላጭ መያዝ አቃታቸው" ተባለ፤ ሐዘንተኛ ወደ ደጃቸው መምጣቱን ተወ። እኔ በንዴት አለቅስ ነበር፤ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ምላጩን ዳግም አላሳሉትም። ከዚያ ወዲህ "ደከመኝ" ሲሉም አልሰማሁም።

ከመናኸሪያው እናቴ ቤት ስደርስ ቀብሩ አልቆ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ወደ ትከሻዋ ወርዷል። ያ ሁሉ ፀጉር የለም፤ ራሷ ተላጭቷል። ማዶ ያለው የፀጉር ቤት ልጅ በቶንዶስ አንሥቶላት ኖሯል።

"እማ! ዛሬ ለባል እንኳ ማን ይላጫል? ማን አስገደደሽ?"

"ማን ያስገድደኛል? የሚያስገድዱት አልቀዋል" አለች። የተላጨ ራሷን እየዳበሰች ደግሞ፣ "ምላጩን ሲያዞሩት አይቻቸዋለሁ እኮ" አለችኝ።

ያየሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነጠላዬን አውልቄ ራሷ ላይ ጣል አደረግሁላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።