ከጋሽ ሽፈራው በር ላይ ያነሳሁት ካርድ

ኧረ አይደለም በሉኝ! ጋሽ ሽፈራው ሞቱ ሲሉኝ «የትኛው ሽፈራው?» ነው ያልኩት። ሌላ ሽፈራው እንደማላውቅ እያወቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ቤት ዉድበሪ አድሬ ስመለስ አምቡላንስ ደጃችን ቆሟል። የሽማግሌዎች አፓርታማ ነውና አምቡላንስ ብርቃችን አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኤለቬተሩ ሲከፈት ግን ሰው የተሰበሰበው እሳቸው በር ላይ ነበር።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። አገር ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ሰው አገር ደግሞ ዳውንታውን የመኪና ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው።

እኔ ባሌን ከቀበርኩ በኋላ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ እዚህ ህንጻ ስገባ፣ የኔና የእሳቸው በር ፊት ለፊት ሆነ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቴን ዘግቼ ቴሌቪዥን ላይ አፈጠጥኩ። እሳቸው በየቀኑ ያንኳኳሉ። «ደክሞኛል» እላለሁ። «ምን ሠርተሽ?» ይላሉ። አንድ ቀን ልሳደብ ተነስቼ በሩን ብከፍት፣ ወንበር ተሸክመው ቆመዋል።

«ብዙነሽ፣ ወንበር የተሠራው ለመነሳት ነው!» አሉኝ።

ሳልወድ ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላማ ምን አባቴ ላድርግ፣ ተከትያቸው ወረድኩ።

ምድር ቤት ባለው ትልቅ ክፍል በየጠዋቱ ወንበር ደርድረው ስፖርት ያሠሩን ነበር። ሶማሌዋን፣ ሩሲያዊውን ሽማግሌ፣ ፈረንጆቹን ባልቴቶች፣ ሁላችንንም። እንግሊዝኛ መቁጠር አይሆንላቸውም፤ በአማርኛ ነው የሚቆጥሩት። የሰማንያ ስምንት ዓመቷ ፈረንጅ «ስምንት፣ ዘጠኝ» ስትል ብትሰሟት በሳቅ ትፈርሱ ነበር። ጉልበቴን አመመኝ ያለ እጁን ያነሳል፣ እጄን ያለ እግሩን። ማምለጫ የለም። ሆስፒታል የገባ ሰው ካለም ከስፖርቱ በኋላ በአውቶቡስ አስከትለውን ሄደው ይጠይቁታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ የምጽፈው ለሱ ነው።

እዚህ ህንጻ ሁላችንም የበር ካርድ አለን። ማታ ስንተኛ ውጪ እጀታው ላይ እንሰቅለዋለን፣ ጠዋት ስንነሳ ወደ ውስጥ እናስገባዋለን። እስከ ረፋድ ያልተነሳ ካርድ ካለ ማናጀሯ መጥታ ታንኳኳለች፤ መልስ ካጣች በቁልፏ ትከፍታለች። ጋሽ ሽፈራው መስቀሉን አይረሱም፣ ማንሳቱን ነው የሚረሱት። ወንበር ልደርድር ብለው እየሮጡ ይወርዳሉ። ሁለት ጊዜ ማናጀሯ ከፍታ ባዶ ቤት አገኘች። በሁለተኛው «መርሳት ከጀመሩ ለልጅዎ መናገር አለብኝ» አለቻቸው።

ያን ቀን ጨዋታቸው ሁሉ ጠፋ። ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት መግባትን እንደሳቸው የሚፈራ ሰው አላየሁም። «አንቺ ስትወርጂ ካየሽው አንሺልኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስንት ወር አነሳሁላቸው፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ።

ትናንት የዓይን ሐኪም አፖይንትመንት ነበረኝ። ልጄ ታች መኪና ውስጥ ሆና በስልክ ቶሎ በይ ትለኛለች። ስወጣ ካርዳቸው ተሰቅሏል። ሬድዮናቸው ይሰማል፤ እሱንም ሳያጠፉ ነው የሚወርዱት። ካርዱን አነሳሁና በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ገፋ አደረግሁት። አላንኳኳሁም።

ታች ሰዎቹ ሲጠብቋቸው ቆዩ አሉ። ሩሲያዊው ሽማግሌ ወጥቶ በራቸውን አየ። ካርድ የለም። እንግዲህ ደህና ናቸው፣ የሆነ ቦታ ሄደው ነው ብሎ ተመለሰ። ወንበሩን ራሳቸው ደርድረው፣ በአማርኛ እየቆጠሩ ስፖርታቸውን ሠሩ። ዛሬም ሲቀሩ ነው በሩ የተከፈተው። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ወድቀው ተገኙ። መቼ እንደወደቁ፣ መቼ እንዳረፉ የነገረን የለም።

ልጃቸው ሄለን ከኤደን ፕሬሪ ደወለችልኝ። ትናንት ካርዱ በሩ ላይ ነበር ወይ አለችኝ። «አላየሁም» አልኳት። ዋሸኋት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው ሬሳ ላይ!

ከዚያ ፌስቡክ ብከፍት የሞታቸው ወሬ ሥር ኮሜንቱ ሁሉ ማናጀሯን ይረግማል። ደመወዝ እየበላች ሽማግሌ ገደለች፣ ትከሰስ፣ ትባረር። ሴትዮዋን ቢሮዋ ውስጥ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ኧረ በፈጠራችሁ ተዉአት! እሷ ካርዱን ያላየችው እኔ ስላነሳሁት ነው።

ለሄለን መልሼ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሷ በፊት እናንተ እንድትሰሙ አልፈለግሁም። «ኦኬ» አለችና ዘጋችው። ምን ትበለኝ?

ጋሽ ሽፈራው፣ ለእርስዎም ልናገር።

ካርዱን ሳነሳ በሩ ላይ ሆኜ «ዛሬም ረሱት? ኧረ እርስዎስ አረጁ!» ብዬ ሳቅሁ። ለራሴ ነበር የማወራው። ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ላይ ያለው ያ ሳቄ ነው። ከሬድዮው ሌላ የሰማሁት ድምፅ ነበር ወይ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ያለ ይመስለኛል፣ ደግሞ የለም እላለሁ። አብጄ እንደሆነም እንጃ።

በዚያ ሰዓት በሕይወት ከነበሩ፣ ድምፄን ሰምተው «ተመስገን፣ ብዙነሽ መጣችልኝ» ብለው ከሆነ፣ ኮቴዬ ሲርቅም ሰምተው ከሆነ፣ ይቅር ይበሉኝ አባቴ።

ደህና ይሁኑ ጋሽዬ። ባዶ ቤት መስሎኝ ነው።