ድልድዩ ሲወድቅ ደሙ የማን ነው?

ቀለመ ወርቅ መልስ ሊያገኝለት የተነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰው ግንብ ሲሠራ ድንጋይ ተንዶ ቢገድለው ደሙ የማን ነው?

ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣለትም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ አርብ ገበያ አጠገብ፣ የአንድ ጎተራ ግንብ ተንዶ ጭቃ አቀባዩን ጨፈለቀው። በሦስተኛው ቀን የሟቹ አጎት ግንበኛውን ከነመዶሻው ከመሰላሉ ላይ በጥይት አወረደው። የሥራውን ውል የጻፈው ቀለመ ወርቅ ነበር፤ ቤተ ልሔም ገዳም የድጓ ዜማ ሲማር ቆይቶ፣ ድምፁ ሲከዳው ብዕሩን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው። ከቀብር እንደተመለሰ ውሉን አውጥቶ ደጋግሞ አነበበው። የግንቡ ቁመት አለ፣ ውፍረቱ አለ፣ የሚያልቅበት ቀን አለ፣ ዋሱም አለ። ሰው ሊሞት እንደሚችል ግን አንድ ፊደል አልተጻፈበትም።

ከዚያ በኋላ ቦታውን በእግሩ ሳይረግጥ ውል አልጻፈም። መሰላሉን ይነቀንቃል፣ የመሠረቱን አፈር በጣቱ ያሻል፣ ከዚያ ግንበኛውን፣ “እዚህ ምን ሊገድል ይችላል?” ብሎ ይጠይቃል።

“አንተ ሟርተኛ! ገና መሠረት ሳንቆፍር ልታስለቅሰን ነው?” ይሉታል።

እሱ ግን ደስ ይለው ነበር፤ ምክንያቱም ከብዙ ጥያቄ በኋላ አንድ ደንብ አግኝቷል። አደጋውን ማስቀረት የሚችለው እጅ፣ አደጋውን ይሸከም። መሰላሉን የሚያስረው ግንበኛው ነውና ማሰሪያው ቢበጠስ ግንበኛው ይጠየቅ። የሚንሸራተት መሬት ነው እየተባለ “እዚሁ ሥሩልኝ” ያለው ባለቤቱ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ይጠየቅ። እንዲህ ተራ በተራ ቢጻፍ ንጹሕ ሰው አይገደልም ብሎ አመነ።

ደንቡ የተፈተነው እስቴ ውስጥ ነው። ባላምባራስ አስማረ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ ሊያሠሩ አሰቡ። ግንበኛው ካሴ፣ የቀለመ ወርቅ እህት ባል ነበር። የድንጋይ ቅስት ኖራው እስኪደርቅ በእግሩ አይቆምም፤ ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ ይሸከመዋል። ስለዚህ ቀለመ ወርቅ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ “ድጋፉ እስከ አርባ ቀን አይነሣ። ቀድሞ ያስነሣ ሰው ለሚወድቀው ድንጋይም ለሚጠፋው ነፍስም ኃላፊ ነው።” ባላምባራስ ማኅተማቸውን መቱበት፤ ካሴ አውራ ጣቱን አሳረፈበት።

“ነፍሴን በወረቀት ጠቀለልካት በለኛ!” ብሎ ሳቀ ካሴ።

“ጠቅልዬ አስቀመጥኳት። አንተ ብቻ ድጋፉን አትንካ።”

ቅስቱ በተገጠመ በሃያ ስድስተኛው ቀን ከላይ ዘነበና ወንዙ ደፈረሰ። ባላምባራስ በበቅሎ ደረሱ።

“ጎርፉ እንጨቴን ሊወስድብኝ ነው! አንሡ!”

“ጌታዬ፣ ኖራው ገና እንደ እርጎ ነው።”

“ወንዙን አንተ ታቆመዋለህ?” አሉና ካሴን በዱላ ፊቱን አሉት። ደም ዓይኑን ሸፈነው። አሽከሮቻቸው ምሰሶውን በመጥረቢያ ይመቱ ጀመር። ዋለ የሚባል የቀን ሠራተኛ እንጨቱን ሊቀበል ከሥር ገባ። ቅስቱ አንዴ አቃሰተ፤ ከዚያ ሙሉውን ወረደበት። ሬሳውን ያወጡት በቁርጥራጭ ነው።

በሦስተኛው ቀን ባላምባራስ ሽማግሌዎችን ይዘው ፍርስራሹን ሊያሳዩ መጡ። የዋለ ወንድም ደምሌም ምንሽር ጠመንጃውን አንግቦ መጣ፤ ማንንም ሳያናግር አፈ ሙዙን ካሴ ደረት ላይ ተከለው።

“ወንድሜን የት አደረግኸው፣ ግንበኛ?”

ቀለመ ወርቅ ወረቀቱን እያውለበለበ መሃላቸው ገባ። “ቆይ ደምሌ! ካሴ አይደለም! ተጽፏል፣ ስማኝ!” ብሎ በሻከረው የድጓ ድምፁ አነበበው። እያንዳንዱ ቃል በቦታው ነበር። አፈ ሙዙ ከካሴ ደረት ሲርቅ አየና ልቡ በደስታ ዘለለ፤ ውሉ ሠርቷል!

“እና ድጋፉን ያስነሣው ማነው?” አለ ደምሌ።

“ባላምባራስ ናቸዋ!”

ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ ምንሽሩ ጮኸ። ባላምባራስ አንገታቸውን ተመትተው ከተቀመጡባት በቅሎ ወደቁ፤ የደነበረችው በቅሎ አንድ እግራቸው እርካብ ውስጥ እንደተሰካ በድንጋዩ ላይ ጎተተቻቸው። አሽከሮቹ ደምሌን በጎራዴ ከታተፉት። አንደኛው ወደ ቀለመ ወርቅ ዞሮ፣ “አንተ ነህ አንብበህ የገደልካቸው!” አለና ሰነዘረበት። ቀለመ ወርቅ እጁን አነሣ። ሁለት የቀኝ እጁ ጣቶች ከወረቀቱ ጋር ወንዝ ገቡ።

ቁስሉ እስኪሽር ቤተ ልሔም ተጠልሎ ስሕተቱን እንደ ትምህርት መረመረው። አደጋውን ማን እንደሚሸከም መጻፉ ልክ ነበር። ነገር ግን በዚህ አገር ኃላፊውን መጥራት ዒላማውን ማሳየት ነው። ደግሞም ውሉ ያሰረው የፈረሙትን ሁለቱን ብቻ ነበር፤ ጠመንጃ የያዘውን የሟች ዘመድ ፈርም ያለው አልነበረም።

አሁን በግራ እጁ አዲስ ውል ጽፏል። የመጀመሪያው ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት የሠራተኞቹ ሁሉ ዘመዶች ይጠራሉ፤ በሥራው ላይ ሰው ቢሞት ካሳው ከብት እንጂ ደም እንዳይሆን በመስቀል ፊት ይምላሉ። ግን ያለፈው ደም ሳይደርቅ ማንም አይምልም። የባላምባራስ ልጆች፣ ‘ለእሱ የታሰበው ጥይት ነው አባታችንን ያገኘው’ ብለው ካሴን እየፈለጉት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ መስቀል የያዙ አንድ ቄስ አስከትሎ፣ በባላምባራስ ሚስት በወይዘሮ አልጣሽ በር ላይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በግንባሩ ተደፍቷል። ከአጥሩ ውስጥ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማ።

“አንባቢው መጣ” አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። “ዛሬስ ማንን ልታስገድል ነው?”

“የማነበው የለኝም፣ እሜቴ። ምን ቢጻፍበት ልጆችዎ ጣታቸውን እንደሚያሳርፉ ልጠይቅ ነው የመጣሁ።”

ግባ አላሉም፤ ተኩሱም አላሉም። ቀለመ ወርቅ ከድንጋዩ ሥር አንገቱን ቀና ሳያደርግ “ካሳው ከብት እንጂ ደም አይሁን” የሚለውን የመጀመሪያውን አንቀጽ በቃሉ ይነግራቸው ጀመር።