ዓሣ የሚዘፈዘፍበት ባልዲ ፍለጋ

ጠዋት፣ ከጎንደር

ሰው ወደ ስሜን የሚሄደው ተራራና ጭላዳ ለማየት ነው። እኔ ከጎንደር የተነሳሁት አንድ ባልዲ ፍለጋ ነው። ዓይኔም መንገዱን ሙሉ በርሜልና ጄሪካን ላይ ነበር።

ታላቅ እህቴ ሙሉ ደባርቅ ውስጥ በጭስ የታጠነ ዓሣ መሸጥ ጀምራለች። ከጎርጎራ የሚመጣላትን ዓሣ አጥባ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ታሳድርና በማግስቱ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። የመጀመሪያውን ግን የዘፈዘፈችው በትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ነበር። ጨዉ ድስቱን በላው፤ ዓሣው ጠቆረ፤ ሲቀምሱትም ሚስማር ሚስማር አለ። ያለቻት ደንበኛ ደግሞ አንድ ብቻ ናት፤ የምግብ ቤት ባለቤቷ ወይዘሮ አስናቀች። እሳቸውም "አንዴስ ይሁን። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ካመጣሽ ግን በሬን አታንኳኪ" ብለዋታል። ሙሉ ቀድሞ ልብስ የምትሸጥበትን ቦታ ለቃ ነው እዚህ ሥራ የገባችው፤ መመለሻ የላትም። ሁለተኛው ዓሣ የሚገባላት እኔ በተነሳሁበት ቀን ከሰዓት ነበር። ደባርቅ ውስጥ የሚሆን እቃ አጥታ ተጨንቃለች፤ ጎንደር ያየሁትም ወይ አፉ ጠባብ ነው፣ ወይ ቀለም ቀለም ይሸታል።

አምባ ጊዮርጊስ

ሚኒባሷ አምባ ጊዮርጊስ ስትቆም ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የወገራ ገብስ ታጭዶ ሜዳው ክምር በክምር ሆኗል። እንዲህ ያለ አገር እያለን ምነው ሁልጊዜ ስለ ተራራው ብቻ እናወራለን? መንገድ ዳር የተደረደሩትን ጋኖች ሳይማ ልቤ ተነሳ። ሆዳቸው ሰፊ፣ ቅርጻቸው የሚያምር! ወዲያው ለሙሉ ደወልኩላት።

"እታለም፣ ጋን አገኘሁልሽ!"

"አንተ፣ ሸክላ እኮ ጨው ይጠጣል! ዛሬ የጠጣውን ነገ ወደ ውጭ ያወጣዋል። የዓሣ ሽታ ከገባበትስ ማን ያስለቅቀዋል? እኔ የምፈልገው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ምግብ የነበረበት፣ አፉ ሰፊ፣ ክዳን ያለው።"

ጋኑን ዳበስ አድርጌ ተለየሁት።

ዳባት

ዳባት ላይ ያገለገሉ ባልዲዎች የሚሸጡ አንድ አዛውንት አሉ ተባልኩ፤ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ሱቃቸው በር ላይ ስደርስ የፈለግሁት ባልዲ ቁጭ ብሏል። ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ክዳኑ ጥርቅም ይላል። አፍንጫዬን ከትቼ ባሸትተው ምንም የለውም። ደስ ብሎኝ ልከፍል እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ጋሽ ሰይድ ጠየቁኝ።

"ምን ልታደርግበት ነው፣ ልጄ?"

"ዓሣ እንዘፈዝፍበታለን።"

"የሚበላው ማን ነው?"

"ጾመኛ ነዋ! የነቢያት ጾም አይደል?"

ባልዲውን ከእጄ ወሰዱት። "ይኸ አይሆንህም። ቅቤ ነበረበት።"

"ታጥቧል እኮ! ምንም አይሸትም።"

"በፈላ ውሃ ነው ያጠብነው፤ ላንተ አይሸትህም። እኔ ግን እያወቅሁ ጾመኛ ላስገድፍ? ወላሂ አላደርገውም!"

አፈርኩ። እናቴ ቤት የጾሙና የፍስኩ ድስት ለየብቻ ሲቀመጥ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ክዳኑን ሳደንቅ ዘንግቼው! የኔን ጾም የጠበቁልኝ ጾሙ የእሳቸው ያልሆነ ሰው ናቸው።

"ሌላ ነጭ የለዎትም?" አልኳቸው።

"ሱቅ ውስጥ የለም። ቤት አንድ አለ፤ ግን ማር አለበት" አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው ተነሱ። "ና፣ እናስገለብጠዋለን።"

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ነገሩን ሰምተው ሳቁብኝና ባልዲውን አወጡት። ማሩ ግን በዳባት ብርድ ረግቶ ድንጋይ ሆኗል። ባልዲውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው በእንጨት ማንኪያ እየዛቁ ወደ ማሰሮ ያዛውሩት ጀመር። በዚህ መሃል ሙሉ ደወለች።

"ዓሣው መጥቷል፤ አጥቤ ጨርሻለሁ። ካልደረስክ በዚያው ድስት ነው የማደርገው፤ ታዲያ ይሽተትብኝ?"

"በማርያም፣ እንዳታደርጊው! እየመጣሁ ነው!"

"ትታገሥ በላት፤ ከሥሩ ብቻ ነው የቀረው" አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ማር ሆኖ። ለማያውቁት ሰው ቤታቸውን እንዲህ የሚያምሱ ሰዎች አይቼ አላውቅም። ወደድኳቸው።

ደባርቅ

አጥበው የሰጡኝን ባልዲ ታቅፌ ከባጃጅ ስወርድ ሙሉ ድስቱን አውጥታ ጨው ልትጨምር ነበር። "ተይው!" ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሁሉ ዞረ። ባልዲውን ገልበጥ አድርጋ አሸተተችው፣ በጥፍሯ ጫረችው፣ ከዚያ ሳመችው። ጨው ውሃውን በጥብጣ ድንች ጣል አደረገችበት፤ ድንቹ ሲንሳፈፍ ጨዉ በቃው ማለት ነው። ዓሣውን ደርድራ ከደነችው።

በማግስቱ ከጭሱ የወጣው ዓሣ ወርቅማ ነበር። ይዘንላቸው ስንሄድ ወይዘሮ አስናቀች ገና ሳይቀምሱ ጠየቁን።

"እቃው ቅቤ የነካው አይደለም?"

ሙሉ እኔን አየችኝ።

"አይደለም፤ ማር ነው የነበረበት" አልኩ። በእውነት መመለስ እንዴት ደስ ይላል!

ቀመሱ፤ ደገሙ። "ጾሙ እስኪፈታ በየሳምንቱ አምጪልኝ" አሏት። ሙሉ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

መልስ

ስመለስ ሙሉ ለዳባቶቹ ሁለት ዓሣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። መንገዱን ሙሉ ስጨነቅ ሄድኩ። የእኛን እርድ እነሱ አይበሉም፣ የእነሱንም እኛ አንበላም፤ ላስቀይማቸው ነው? ሱቁ ደርሼ እየፈራሁ ዘረጋሁላቸው።

"ጋሽ ሰይድ፣ ከእኛ ቤት የተሠራ ነው። የማይሆንዎት ከሆነ አልቀየምም።"

ከት ብለው ሳቁ። "ዓሣ ደግሞ ማን ያርደዋል፣ ልጄ? የሁላችንም ነው። ግባ!"

ወይዘሮ ዘይነባ ዓሣውን በአንድ ትሪ እንጀራ ላይ አቀረቡ፤ ሦስታችንም ከበን በላን።

ጎንደር የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው። እቃ ስመርጥ እስካሁን የማየው ውፍረቱንና ክዳኑን ነበር፤ ከእንግዲህ ምን እንደነበረበት እጠይቃለሁ፣ እንደ ጋሽ ሰይድ የሚነግረኝ ሻጭ ካገኘሁም አልለቀውም። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ነው ያደግሁት፤ በየበዓሉም ለየብቻ ታርዶልን፣ ለየብቻ ቀርቦልን ስንበላ ኖረናል። ከአንድ ትሪ ስንበላ ግን ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።