በግልገሏ አፍንጫ ልክ

በብርዳማው የጓሳ ሜዳ ዳር ካሉት መንደሮች ወይዘሮ ጥሩሸዋን ያህል በጎቹን ከብርድ የሚጠብቅ ሰው አይገኝም። ውርጩ ከመጣሉ በፊት የጋጣቸውን ግድግዳ በጭቃና በእበት ይመርጋሉ፤ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ሁሉ በሣር ይወትፋሉ። «የእኔ ጋጣ ነፋስ እንኳ ሳያስፈቅደኝ አይገባም» እያሉ ይኮራሉ። ኩራቱስ ባልከፋ፤ ችግሩ ግልገሎቻቸው በየዓመቱ እየሳሉ ማለቃቸው ነው። ባለቁባቸው ቁጥር ብርዱን ይረግሙና በዓመቱ ደግሞ አጥብቀው ይመርጋሉ።

ዘንድሮ የተረፈችው አንዲት ሴት ግልገል ብቻ ናት። እሷም ሳል ጀምሯታል። እናት በጎቹ አርጅተዋልና፣ እሷ ከሞተች ከእናታቸው የወረሱት የበግ ዘር ያበቃል።

ትሕትና በአቅራቢያው ያለችው የዘመሮ ከተማ ልጅ ናት፤ ተምራ ተመራማሪ ሆናለች። የግልገሏን መታመም ሰምታ ስትመጣ ከቦርሳዋ ጣት የምታክል፣ እንደ ጨርቅ የምትተጣጠፍ ስስ ነገር አወጣች።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«ማሽተቻ ናት፣ እማማ። ከበግ ሽንት የሚወጣውን አሞኒያ የሚባል ጋዝ ታሸታለች። ብዙዎቹ የበፊት መሣሪያዎች ካልጋሉ አይሠሩም ነበር፤ ይቺ ግን እንዲሁ በዚሁ ብርድ ትሠራለች።»

«በእኔ ጋጣ ምን ሽታ አለና ነው? እኔን ምንም አይሸተኝም!» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ተቆጥተው። የለመደ አፍንጫ ምን ያውቃል! ትሕትና ግን ገና ከበሩ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ማሽተቻዋን በቁመቷ ልክ ምሰሶው ላይ ለጠፈቻት። የጋዙን መጠን የሚያሳየው ስልኳ ላይ ትንሽ ቁጥር ታየ።

«አላልኩሽም?» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ።

ትሕትና አላቅቃ ግልገሏ ከተኛችበት ጉዝጓዝ አጠገብ አወረደቻት። ቁጥሩ ሽቅብ ይሮጥ ጀመር። ወይዘሮ ጥሩሸዋ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። አፍንጫ የላት፣ ነፍስ የላት፣ እሳት አልነካት፤ ታዲያ እንዴት አወቀች?

«ዕፁብ ድንቅ!» ብለው አማተቡ። ቢሆንም ሰው ካልቀመሰ አያምንምና ተንበርክከው ፊታቸውን በግልገሏ አፍንጫ ልክ ዝቅ አደረጉ። ዓይናቸው ተቃጠለ፤ ጉሮሯቸውን አንድ ነገር ያዛቸው። ሳሉ። ሳላቸው ያው የግልገሏ ሳል ነበር።

ቀና ሲሉ ፊታቸው ገርጥቷል። «ብርድ አይደለም የጨረሰብኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔው ነኝ ያፈንኳቸው።»

«አላወቁም እኮ፣ እማማ።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ተነሥተው የወተፉትን ሣር በገዛ እጃቸው ይነቅሉ ጀመር፤ እርጥቡን ጉዝጓዝ ዝቀው አወጡ። ብርዱ ሲገባ ዘገነናቸው፤ የዕድሜ ልክ ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ቁጥሩ ግን ቁልቁል ወረደ። ግልገሏን በበርኖሳቸው ሸፈኗት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳሉ ተዋት። አንድ ማለዳ በሩን ሲከፍቱ ዘላ ወጣችና ውርጩ ላይ እየቦረቀች እናቷን ተከተለች። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ቆመው አዩዋት፤ አዩዋትና፣ በእሷ ደስታ ይሁን በእነዚያ በሞቱት ኀዘን ሳይለይላቸው፣ እንባቸው ወረደ።